ከልክ በላይ የተቀበረው ፋይበር

ከ1996 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካና በአውሮፓ ምድር እንዲሁም በውቅያኖሶች ወለል ላይ የተዘረጋው የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል በጊዜው ከነበረው ፍላጎት ጋር ፈጽሞ የሚመጣጠን አልነበረም። ኬብሉን ከቀበሩት ኩባንያዎች ብዙዎቹ ከሰሩ፤ ገንዘባቸውን ያመኗቸው ባለአክሲዮኖችና አበዳሪዎችም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ኬብሉ ግን ከኩባንያዎቹ ጋር አልጠፋም። በአፈርና በባሕር ሥር እንዳለ ቆይቶ ባለቤት ቀየረ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ከዚያም የቀበሩት ሰዎች ላላሰቡት ሥራ ዋለ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከመስታወቱ መጀመር ይገባል። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም በቂ ጥራት ያለው መስታወት ቢገኝ ብርሃን የስልክ መልእክት ተሸክሞ ረጅም ርቀት ሊጓዝ እንደሚችል በ1966 አሳዩ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ መስታወት ሠሪ ለዚህ የሚበቃ ክር ሠራ። ክሩ የሰው ፀጉር ያህል ቀጭን ሲሆን ዋጋውም እየረከሰ ሄደ። ገንዘብ የሚበላው ቁፋሮው ነው። የመሬት ባለቤቶችን ማስፈቀድ፣ የከተማ አስፋልት መቁረጥ፣ ወንዝና ድልድይ ማሻገር፣ ማሽንና ሠራተኛ ማሰለፍ ከክሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ቦዩ አንዴ ከተቆፈረ 12 ክር በያዘ ኬብል ፋንታ 144 ወይም 432 ክር የያዘውን ማስገባት በጠቅላላ ወጪው ላይ የሚጨምረው ትንሽ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መቆፈር ግን ወጪውን እንደ አዲስ ያስጀምራል። ስለዚህ ትርፍ ክር መቅበር ለእያንዳንዱ ኩባንያ ለብቻው ሲታይ ጤናማ ስሌት ነበር። ችግሩ የተፈጠረው ሁሉም ይህንኑ ስሌት ይዘው፣ በተመሳሳይ ትላልቅ ከተሞች መካከል፣ በአንድ ጊዜ በመቆፈራቸው ነው።

በሩን የከፈተው በየካቲት 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው። ሕጉ በአካባቢና በርቀት ስልክ አገልግሎት መካከል የነበረውን አጥር አፍርሶ አዳዲስ ተወዳዳሪዎች ወደ ገበያው እንዲገቡ ፈቀደ። ከገቡት አንዳንዶቹ ቀድሞውኑ ረጅም መስመር መሬት በእጃቸው የነበረ ሰዎች መሆናቸው ልብ ይሏል። ፊሊፕ አንሹትዝ የሳውዘርን ፓሲፊክ ምድር ባቡር ባለቤት ሳለ ኬብል በሐዲዱ ዳር የመቅበር መብት ይዞ ነበር፤ ክዌስት የተባለው ኩባንያ የተገነባው በዚህ መብት ላይ ነው። በኦክላሆማ የነበረው ዊልያምስ የጋዝ ድርጅት ጋዝ መሸከም ባቆሙ ቧንቧዎቹ ውስጥ ፋይበር እስከ ማስገባት ደርሷል። ሌቭል ስሪ ደግሞ ከግንባታ ሥራ ተቋራጩ ከኪዊት ቤት የወጣ ነው፤ ቁፋሮ እንጂ ስልክ የሙያው መነሻ አልነበረም። ይህ ኩባንያ በአንድ ቦይ ውስጥ በርካታ ቱቦዎችን ጎን ለጎን ቀብሮ ብዙዎቹን ለወደፊት ባዶ ተወ። በውቅያኖስ በኩል በ1997 በጌሪ ዊኒክ የተመሠረተው ግሎባል ክሮሲንግ በ1998 አትላንቲክን አቋርጦ ሌሎች ውቅያኖሶችንም ተከታተለ።

ለዚህ ሩጫ ነዳጅ የሆነው አንድ ቁጥር ነው። የኢንተርኔት ትራፊክ በየ100 ቀኑ እጥፍ ይሆናል የሚለው አባባል ዩዩኔት ከተባለው፣ ወርልድኮም የተሰኘው የስልክ ኩባንያ ቅርንጫፍ ወጥቶ በኩባንያ ኃላፊዎች ንግግር፣ በባንኮች ትንተናና በጋዜጦች ተዛመተ፤ በ1998 የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ ባወጣው ዘገባ ውስጥም ገባ። በ1995 እና በ1996፣ ኢንተርኔት ገና ከዩኒቨርሲቲዎች ወደ ሕዝቡ በሚወጣበት ወቅት፣ አባባሉ ለአጭር ጊዜ እውነት ነበረ። ከዚያ በኋላ ግን አልነበረም። በኤቲ ኤንድ ቲ የምርምር ተቋም የነበሩት አንድሩ ኦድሊዝኮና ኬሪ ኮፍማን የሚገኘውን መረጃ ሁሉ ሰብስበው ዕድገቱ በዓመት አንድ እጥፍ ገደማ መሆኑን በዚያው በ1998 አሳተሙ።

የሁለቱ ግምቶች ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሲባዛ ግን እንዲህ ይሆናል፦ በዓመት እጥፍ የሚሆን ትራፊክ በአራት ዓመት ውስጥ 16 እጥፍ ያድጋል፤ በየ100 ቀኑ እጥፍ የሚሆነው በዚያው ጊዜ ከ24,000 እጥፍ በላይ ይደርሳል። ለመጀመሪያው የሚበቃ መረብና ለሁለተኛው የሚበቃ መረብ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር በአንድ አኃዝ ላይ ሲፈስ አኃዙን ለመፈተሽ የሞከሩት ሰዎች እጅግ ጥቂት መሆናቸው፣ ከፈተሹትም መካከል የተደመጡት ከዚያ ያነሱ መሆናቸው፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነገር ነው።

ቆፋሪዎቹ ሲቆፍሩ ቤተ ሙከራዎቹም ሥራ አልፈቱም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲና በቤል ላብስ የተሠራው የኤርቢየም ማጉያ በክሩ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይመልሱ ለማጉላት አስቻለ። በዚህም በአንድ ክር ውስጥ የተለያየ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም የተለያየ ቀለም ያላቸውን ብዙ ጨረሮች በአንድ ላይ መላክ ተቻለ። ሲየና የተባለው መሣሪያ አቅራቢ በ1996 ለስልክ ኩባንያው ለስፕሪንት ያቀረበው መሣሪያ በአንድ ክር 16 ቀለም፣ በእያንዳንዱ ቀለም 2.5 ጊጋቢት፣ በድምሩ በሰከንድ 40 ጊጋቢት ያስተላልፍ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ ቀለሞቹ ከ80 አለፉ፣ የእያንዳንዱም ፍጥነት 10 ጊጋቢት ደረሰ። በሌላ አነጋገር፣ ቀድሞ የተቀበረው እያንዳንዱ ክር አንድ አካፋ አፈር ሳይነካ ሃያ እጥፍና ከዚያ በላይ አቅም አገኘ። የክሮቹ ቁጥር ሲበዛ የእያንዳንዱ ክር አቅምም ስለበዛ ትርፉ በሁለት በኩል ተከመረ። በክምችቱ ጫፍ ላይ ብርሃን የተላከባቸው ክሮች ከጠቅላላው በመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በሙያው ቋንቋ ዳርክ ፋይበር፣ ያልበራ ፋይበር ሆነው ቀሩ።

ውድቀቱ ፈጣን ነበር። ግሎባል ክሮሲንግ በጥር 2002 ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በሐምሌ ወርልድኮም ተከተለ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ ኪሳራ ነበር። በኩባንያው የውስጥ ኦዲተር በሲንቲያ ኩፐር ቡድን ትጋት የወጣው የሒሳብ ማጭበርበር በመጨረሻ ወደ 11 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በርናርድ ኤበርስም 25 ዓመት ተፈረደበት። መሣሪያ አቅራቢዎቹም አልተረፉም። የካናዳው ኖርቴል በ2000 ወደ 95,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ነበረው፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ከ120 የካናዳ ዶላር በላይ ከወጣ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። ከዚህ አኃዝ ጀርባ ሥራቸውን ያጡ ቴክኒሺያኖችና መሐንዲሶች አሉ፤ የጡረታ ቁጠባቸውን በሙሉ በአሠሪያቸው አክሲዮን ያስቀመጡ ሰዎችም አሉ። ቀጥሎ የሚነገረው ጥቅም ሁሉ የተገኘው እነዚህ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው፤ ከጥቅሙም አብዛኛው የደረሰው ለሌላ ሰው ነው።

ከኪሳራው በኋላ የሆነው ነገር ከቁፋሮው ይልቅ ወሳኝ ነበር። ሁለት ቢሊዮን ዶላር ተበድሮ ኬብል የዘረጋ ኩባንያ ወለዱን ለመክፈል ከፍ ያለ ዋጋ መጠየቅ ግድ ይለዋል። ያንኑ ኬብል ከኪሳራ ሽያጭ በአንድ መቶ ሚሊዮን የገዛ ሰው ግን ያንን ዕዳ አልተሸከመምና በጣም ባነሰ ዋጋ ሸጦ ያተርፋል። ሽያጩም በርግጥ በዚህ መጠን የወረደ ነበር። የሲንጋፖሩ ኤስቲ ቴሌሚዲያ የግሎባል ክሮሲንግን 61.5 በመቶ በ250 ሚሊዮን ዶላር ያዘ። ታይኮ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የዘረጋውን ዓለም አቀፍ የባሕር ሥር መረብ የሕንዱ ታታ ቡድን ንብረት የነበረው ቪኤስኤንኤል በ130 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከእንግሊዝ እስከ ጃፓን የሚደርሰውን የፍላግ ኬብል ባለቤት ደግሞ ሌላው የሕንድ ኩባንያ ሪላያንስ በ207 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለ። የባሕር ሥር ኬብል በቀላሉ ተነቅሎ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ ባለቤቱ ቢከስርም አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ሆኖ ማገልገሉን ይቀጥላል። ይህ ሩጫ ከብዙ የገንዘብ ትኩሳቶች የሚለየውም በዚህ ነው፤ ገንዘቡ ሲተን ንብረቱ በቦታው ቀርቷል።

ዋጋው ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳየው አንዱ መለኪያ በአሜሪካ ኩባንያዎች በጅምላ የሚገዙት የኢንተርኔት አቅም ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለአንድ ሜጋቢት በሰከንድ በወር እስከ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይከፈል የነበረው በ2010 አካባቢ ወደ ጥቂት ዶላር ወርዷል። ዩቲዩብ በ2005 ተመሥርቶ ተመልካቹን ሳያስከፍል ቪዲዮ መስጠት የቻለው፣ ኔትፍሊክስ በ2007 ፊልም በመስመር መላክ የጀመረው፣ አማዞን በ2006 የኮምፒውተር አገልግሎቱን በርቀት ማከራየት የጀመረው በዚህ ዋጋ ላይ ቆመው ነው። ሐሳቦቹ አዲስ አልነበሩም። ቪዲዮን በስልክ መስመር ለቤት ለማድረስ በ1990ዎቹም ብዙ ተሞክሮ ነበር፤ ያን ጊዜ የጎደለው ርካሽ ማጓጓዣ ነው። ጉግልም በ2005 ገደማ ያልበራ ፋይበር እየገዛና እየተከራየ የመረጃ ማዕከሎቹን በራሱ መስመር ማያያዝ መጀመሩ ይታወቃል።

በአትላንቲክ ላይ ትርፉ ለረጅም ጊዜ አላለቀም። አሜሪካንና እንግሊዝን በቀጥታ የሚያገናኘው አፖሎ በ2003 ከተጠናቀቀ በኋላ ሰሜን አሜሪካንና እንግሊዝን የሚያገናኝ ሌላ አዲስ ኬብል የተዘረጋው በ2015 ነው። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ትራፊኩ ብዙ እጥፍ ሲያድግ በቂ አቅም የተገኘው በኬብሉ ጫፎች ያሉትን መሣሪያዎች በመቀየር ነበር። ከ2008 ወዲህ የመጣው ኮሄረንት የተባለው ቴክኒክ የብርሃኑን ብሩህነት ብቻ ሳይሆን የሞገዱን ይዘት በሙሉ ስለሚያነብ ለ10 ጊጋቢት የታሰበው ቀለም 100 ጊጋቢት እንዲሸከም አደረገ። ይህን ቴክኒክ ቀድሞ ለገበያ ያወጣው ኖርቴል መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ኖርቴል ራሱ በ2009 ከሰረና የዚህ ሥራ ክፍሉን ሲየና ወሰደው።

ከአሜሪካ ውጭ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በሕንድ ነው። በባንጋሎርና በሃይደራባድ የተቀመጡ መሐንዲሶች ከቺካጎ ባንክ ኮምፒውተር ጋር ቀኑን ሙሉ ተያይዘው መሥራት፣ የስልክ ኦፕሬተሮችም ለአሜሪካ ደንበኛ በአሜሪካ ሰዓት መመለስ የቻሉት የመስመር ኪራዩ የደመወዝ ልዩነቱን እስከማይበላ ድረስ ስለረከሰ ነው። ጋዜጠኛው ቶማስ ፍሪድማን በ2005 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ለዚህ ለውጥ ትልቁን ቦታ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የፋይበሩ መትረፍረፍ ነበር። ለኬብሉ ብቻ ማድላት ግን ትክክል አይሆንም። ለአሥርተ ዓመታት የተገነቡት የቴክኖሎጂ ኮሌጆች፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ መንግሥት በ2002 የዓለም አቀፍ ስልክ ብቸኛ ባለቤትነትን ማንሣቱ ባይኖሩ ርካሹ መስመር በባሕር ዳርቻ ቆሞ ይቀር ነበር።

ይህንን ከኢትዮጵያውያን ሕይወት ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር አለ። በ2000ዎቹ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች በሐበሻ ሱቆች ይሸጡ የነበሩት የስልክ ካርዶች የቆሙት በዚሁ ርካሽ አቅም ላይ ነው። ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሕንድ ለመደወል ካርዱ ለሰዓታት ሲበቃ ወደ አዲስ አበባ ሲደወል ግን ቶሎ ያልቅ ነበር። ምክንያቱ ውቅያኖስ ማቋረጡ አልነበረም። ጥሪው በመጨረሻ የሚያርፍበት መረብ የአንድ ድርጅት ብቻ ስለነበረ የመቀበያ ክፍያው ከፍተኛ ነበርና ነው።

ያልበራው ፋይበር ለምርምርም በር ከፍቷል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከስልክ ኩባንያ በሜጋቢት ከመግዛት ይልቅ ክሩን ራሱን ለረጅም ዘመን ተከራይተው የራሳቸውን መሣሪያ በጫፉ ማቆም ጀመሩ። በ2003 የተቋቋመው ናሽናል ላምዳሬይል አገሪቱን ዳር እስከ ዳር የሚያገናኝ መረብ በዚህ መንገድ ሠራ። የኃይል ሚኒስቴሩ ኢኤስኔት የተባለ የሳይንስ መረብም እንዲሁ ያልበራ ፋይበር በእጁ አስገብቶ ከፊሉን ለሙከራ መደበ። ከዚህ ሙከራ የተገኘው ነገር በ1998 ማንም የቦይ ቆፋሪ ሊገምተው የማይችል ነው።

መስታወት ምንም ያህል ቢጠራ በውስጡ ጥቃቅን አለመስተካከሎች አሉት። የሌዘር ምት በክሩ ውስጥ ሲጓዝ ከየነጥቡ ጥቂት ብርሃን ወደ ኋላ ይመለሳል። የተመለሰው ብርሃን የወሰደው ጊዜ ከየትኛው ነጥብ እንደመጣ ይናገራል። መሬቱ ተንቀጥቅጦ ክሩን እጅግ በጥቂቱ እንኳ ከሳበው ወይም ከጨመቀው የሚመለሰው ብርሃን ሞገድ ይዛነፋል። በሰከንድ በሺህ የሚቆጠሩ ምቶችን የሚልክ አንድ መሣሪያ በክሩ ጫፍ ሲተከል በአሥር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ኬብል በየጥቂት ሜትሩ የንዝረት መለኪያ እንዳለው ሆኖ ይሠራል። ቴክኒኩ ቀደም ብሎ በነዳጅ ጉድጓዶች ውስጥ ይሠራበት ነበር፤ በስልክ ኬብል ላይ ሊሠራ ይችል እንደሆነ አጠራጣሪ ነበር፤ ክሩ በቱቦ ውስጥ ልል ብሎ ስለሚተኛ ከአፈሩ ጋር አብሮ አይነቃነቅም ተብሎ ይፈራ ነበርና። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2016 ጀምሮ በግቢያቸው የስልክ ቱቦዎች ውስጥ ባለ ፋይበር ሞክረው የቅርቡንም የሩቁንም የመሬት መንቀጥቀጥ መዘገቡ። የሎውረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ደግሞ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አካባቢ ባለው ያልበራ የኢኤስኔት መስመር ለወራት አዳምጠው፣ በመንገድና በባቡር ጫጫታ ብቻ ከመሬት በታች ያለውን የአፈር ንብርብር መመርመር እንደሚቻል በ2019 አሳተሙ። የሚረብሸው ድምፅ ራሱ የመመርመሪያ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሥር ያለ ፋይበር የነጎድጓድን ንዝረት ቀዳ፤ በኮቪድ ጊዜ ደግሞ የእግረኛውንና የመኪናውን መቀነስ አሳየ።

ከሁሉ ይበልጥ ሕይወትን የሚነካው የአይስላንዱ ነው። በሬይክያኔስ ልሳነ ምድር፣ በግሪንዳቪክ ከተማ አጠገብ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ እሳተ ገሞራ ሲደጋገም የካልቴክ ሳይንቲስቶች ከአገሩ ተመራማሪዎች ጋር በአካባቢው የቴሌኮም ፋይበር ላይ መሣሪያቸውን ተከሉ። ቅልጥ ድንጋይ ከመሬት በታች ሰርጎ ሲገባ ምድሩ ቀስ ብሎ ይለጠጣል። ፋይበሩ ይህን ስለሚሰማ እሳቱ ወደ ላይ ሳይወጣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሰዓታት ቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተቻለ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በኢትዮጵያ፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ መንሥኤም እንዲሁ በመሬት ሥር ከሰረገ ቅልጥ ድንጋይ ጋር ተያይዞ ተነግሯል፤ ብዙ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አስነሥቷል። በስምጥ ሸለቆ የመንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። በመንገድና በሐዲድ ዳር የሚቀበር ፋይበር ግን በየዓመቱ እየጨመረ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ከኬብሉ አንድ ትርፍ ክር ለሳይንቲስቶች መተው የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው፤ ኬብሉ በሚዘረጋበት ጊዜ ከታሰበበት ደግሞ ይበልጥ ያንሳል።

የትርፉ ካርታ ግን እኩል አልነበረም። ኬብሉ የተቀበረው ገንዘብ ፍላጎት አለ ብሎ ባመነበት መስመር፣ በተለይም በሀብታም ከተሞች መካከል ነው። በአሜሪካ እንኳ ከዋናው መስመር እስከ ቤት ያለው የመጨረሻው ኪሎ ሜትር ተመሳሳይ መትረፍረፍ አላየም፤ ከተማን ከከተማ የሚያያይዘው ክር ባዶውን ተኝቶ ሳለ ብዙ ቤቶች በቀርፋፋ የስልክ መስመር ይጠቀሙ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ከሞላ ጎደል ተዘለለ። በ1999 የተጠናቀቀው ሲ-ሚ-ዊ 3 ጅቡቲን ቢነካም፣ ከዚያ ወደ ደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባለው ጠረፍ ሲኮም በሐምሌ 2009 እስኪደርስ ድረስ አንድም ዓለም አቀፍ የፋይበር ኬብል አልወጣም። በአትላንቲክ ሥር አቅም ገዢ አጥቶ በተኛበት አሥር ዓመት ናይሮቢና ዳሬሰላም በውድ ሳተላይት ይሠሩ ነበር። አቅሙ የረከሰው ኬብሉ በነበረበት ቦታ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ምድር ሥር የቀረው የፋይበር ሀብት ዛሬ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ነው። ሌቭል ስሪ የዊልያምስን መረብ በ2005፣ ግሎባል ክሮሲንግን በ2011 ገዛ። ክዌስትን በ2011 የገዛው ሴንቸሪሊንክ በ2017 ሌቭል ስሪንም ጠቅልሎ ኋላ ሉመን ተባለ። በ1990ዎቹ ተፎካክረው ጎን ለጎን የቆፈሩት አራቱ መረቦች በ2017 በአንድ ባለቤት ሥር ተጠቃለሉ። በነሐሴ 2024 ሉመን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የመረጃ ማዕከሎች መስመር ለማቅረብ የ5 ቢሊዮን ዶላር ውል መያዙን አስታወቀ፤ ለዚህም የኮርኒንግን የዓለም የፋይበር ምርት 10 በመቶ ለሁለት ዓመት አስያዘ። አዲሱ ኬብል በብዙ ቦታ የሚገባው ሌቭል ስሪ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ቀብሮ ባዶ በተዋቸው ቱቦዎች ውስጥ ነው፤ የአሁኑ ኬብል ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ክር ይይዛል፣ ቁፋሮው ግን አስቀድሞ ተከፍሎበታል።